የይታየሽ የመንገድ ዳኛ

ሁለት ጎልማሶች ሸማቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ቁልቁል ወደ ሰቆጣ ሲወርዱ ማየት ለማያውቃቸው ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ይነቀነቃል። አንዱ ከቁጥቋጦ ኋላ ዞር ልበል ሲል ሌላው ሰማይ ሰማይ እያየ ይገተራል። ትልቅ ድንጋይ ሲያጋጥማቸው አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ካላለፍኩ ይልና ድንጋዩን መሀል አድርገው ይፋጠጣሉ። መንገደኛው ሁሉ አፉን በሸማው ሸፍኖ ይስቃል። ስንቅ አዝላ ከኋላ የምትከተላቸው ይታየሽ ግን አልሳቀችም። በቀኝ ያለው ባሏ ደጅይጥኑ ነው፤ በግራ ያለው ወንድሟ ምንዋጋው።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ከሁለቱ የትኛውም ቢሞት የምትለብሰው ያው ማቅ ነው። ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት መጥተው «ባል ይገኛል፣ ወንድም ግን ከየት ይመጣል» አሏት። ማጽናናት ማለት ይህ ከሆነ ዝም ማለት ምን ነውር አለው? እሷ ባሏንም ወንድሟንም ትፈልጋለች፤ አለቀ። ማን ይበልጣል ብላ የምትመርጥበት ሚዛን የላትም፤ እንዲኖራትም አትሻም።

ጠቡ የመጣው በበሬ ነው። ደጅይጥኑ አንድ በሬ አለው፤ ምንዋጋውም አንድ በሬ ነበረው። በአንድ በሬ አይታረስምና መቀናጆ ገቡ፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር እየጠመዱ፣ ዛሬ የአንዱን ማሳ ነገ የሌላውን፣ በተራ ሲያርሱ ኖሩ። ዋርሳና ዋርሳ እንዲህ ሲፋቀሩ አላየንም ተብሎ እስኪወራ ድረስ ነበር። በዚያ ክረምት፣ በሃምሳዎቹ መግቢያ መሆኑ ነው፣ በደጅይጥኑ ተራ የምንዋጋው በሬ ቦራ ከነቀንበሩ ወድቆ ሞተ።

«ታሞ ሳለ ጠምደህ ገደልክብኝ» አለ ምንዋጋው።

«ድሮም ከሲታ ነበር፤ እንደ ባለቤቱ» አለ ደጅይጥኑ።

አፍ እኮ ነው ቤት የሚያፈርሰው። ምንዋጋው የቦራን ቆዳ ገፎ አምጥቶ በደጅይጥኑ ደጃፍ ላይ ዘረጋው። ደጅይጥኑ ቆዳውን በእግሩ ገፍቶ ወደ ገደል ሰደደው። ምንዋጋው ቤቱ ገብቶ ምንሽር ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ።

ሽማግሌዎች የደረሱት ይሄኔ ነው። የደብሩ አገልጋይ ቄስ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ይዘው መሀል ገቡና የሁለቱን ሸማ ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩት። ይህ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ አብረው ተቋጥረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ የጥንት ሥርዓት ነው። «ዳኛ ሰምቶ፣ ፍርድ ሰጥቶ እስኪፈታችሁ ድረስ በመካከላችሁ ደም የለም» አሉ ቄሱ። ከዚህ ወዲያ ተቋጥሮ ሳለ እጁን የሚያነሳ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ምንሽሩንም ሽማግሌዎቹ ከጠቡ ይራቅ ብለው ሰቆጣ ከተማ ጫፍ ለሚኖሩት ለምንዋጋውና ለይታየሽ አክስት፣ ለእማማ ወለተ ሰንበት ላኩት።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ዛፍ ስር ተቀምጠው ሊዳኙ ፈልገው ነበር። እምቢ ያለችው ይታየሽ ናት። ሰቆጣ አዲስ ምክትል ገዥ መጥቷል፣ አቶ ወርቅአገኘሁ ይባላል፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ አያቱ ስማቸው የተጠራ ዳኛ ነበሩ፣ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ ሕግ ተምሮ መጥቷል ሲሉ ሰምታለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ግማሹ ለባሏ፣ ግማሹ ለወንድሟ ያደላል ብላ ሰጋች። የአያቱን ልብ ከአዲሱ ትምህርት ጋር ካገኘን ሌላ ምን እንሻለን አለች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ወርቅአገኘሁ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ሰው ነው። የተቋጠሩትን ሁለት ሰዎች ከቢሮው በር ላይ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ያደረገው ማን ነው?»

«ቄሳችን ናቸው፣ ጌታዬ» አለች ይታየሽ። «ነገሩ የበሬ ነገር ነው፤ ይስሙልኝና...»

«ሰው ከሰው ጋር እንደ ፍየል አይቋጠርም። የቁራኛ ዘመን አልፏል፤ ሕጉም አይፈቅድም» አለ፤ ወደ ዘበኛው ዞሮም «ፍታቸው» አለው።

ዘበኛው ፈታቸው። ይታየሽ ወደ ገዥው ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ሳይሰሟቸው?»

«ይሰማሉ እንጂ። ማመልከቻ ያስገቡ። አሁን ክረምት ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፤ ለጥቅምት ይቀጠራሉ። አይዟችሁ።»

ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ይህን መመስከር ደግ ነው። ሁለት ሰው ከውርደት ያወጣ መስሎት ፊቱ ላይ ደስታ ይነበብ ነበር። ግን ጥቅምት ማለት ምን ማለት ነው? እስከ ጥቅምት ድረስ አንዱ ተቀብሮ ተዝካሩ ወጥቶለት፣ ሌላው ጫካ ገብቶ ሽፍታ ሆኖ ይቆያል።

ከደጅ ሲወጡ ምንዋጋው ሸማውን አራግፎ አጣፋው። «ተፈታሁ» አለ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም። እህቱን እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ በፈጣን እርምጃ ወደ ከተማው ጫፍ፣ ወደ አክስቱ ቤት አቀና። ምንሽሩ ያለው እዚያ ነው፤ ወደ ሰፈራቸው የሚወስደው ብቸኛ መንገድ የሚያልፈውም በዚያው በኩል ነው።

«አንተ ትንሽ ቆይ» አለችው ባሏን። «ዛሬን እዚሁ እንደር።»

«ወንድምሽን ፈርቼ ሰቆጣ ልደር? ጨው ገዝቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

«ደጅይጥኑ፣ በማርያም።»

«ፈሪ ባል ይሻልሻል?»

«ከሞተ ባልማ ይሻለኛል» አለችው። አልሰማትም። ወንድ ልጅ ኩራት ሲይዘው ጆሮው ይደፈናል፤ የኛ አገር ወንድ ደግሞ ይብሳል። የገበያ ቀን ነበርና ከሰዉ መሀል ገብቶ ጠፋ።

አሁን ምን ታድርግ? ወንድሟን ተከትላ ብትሮጥ «የባልሽ ጠበቃ» ይላታል። ባሏን ብትከተል «የወንድምሽ ሰላይ» ይላታል። ወደ ቢሮው ተመለሰች። ዘበኛው «ቀጠሮሽ ጥቅምት ነው» ብሎ በዱላው አገዳት። አልተጣላችውም። ከግንቡ ስር ቁጭ ብላ ጠበቀች። ምክትል ገዥው ለምሳ ወጥቶ በገበያው መሀል ወደ ቤቱ ሲያመራ ተነሥታ ተከተለችው፣ ቀደመችው፣ ከፊቱ ቆመች።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!»

በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። ውሃውን አላየሁም፤ የሰቆጣ ገበያ ግን ቆመ። የሚደራደረው ዝም አለ፤ ማር የሚሰፍረው እጁን በአየር ላይ አንጠለጠለ። ወርቅአገኘሁም ቆመ። ዘበኛው ዱላውን ሲያነሳ በእጁ ምልክት አስቀመጠው።

«ምን ሆንሽ፣ እህቴ? ቀጠሮ ተሰጥቷችኋል እኮ።»

«ገዥው ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ እግዜር ይስጠው። እኔ አሁን የያዝኩት ገዥውን አይደለም፤ መንገደኛውን ነው። የመንገድ ዳኛ ይሁኑኝ።»

ከገበያተኛው መሀል ማጉረምረም ተሰማ። በቀድሞው ልማድ በመንገድ የሚያልፍን ማንኛውንም ጨዋ ሰው «ዳኛ ሁነኝ» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ የቆመውም ሰው ነገሩን ሳይሰማ ቢያልፍ ነውር ነው፤ ራስ ይሁን ደጃዝማች ለውጥ የለውም። ወርቅአገኘሁ «ይህም ቀርቷል» ማለት ይችል ነበር። ሊለውም አፉን ከፍቶ ነበር። ዙሪያውን አየ። የሚያየው ሰው ሁሉ በጥላቻ አልነበረም የሚያየው፤ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ከመጣ ጀምሮ ሲፈሩት እንጂ ሲጠብቁት አላየም።

«የት ናቸው?» አለ።

«አንዱ ምንሽሩን ሊያመጣ ሄዷል። ሌላው ጨው ገዝቶ በዚያው መንገድ ሊያልፍ ነው።»

«ፖሊስ ልኬ ላስይዛቸው?»

«ያስይዟቸው። የታሰረ መፈታቱ አይቀርም፤ ሲፈቱስ? እነሱን የሚይዛቸው ፖሊስ አይደለም፣ ጌታዬ። በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው። የሚሰማቸው ነው ያጡት።»

ወርቅአገኘሁ ምሳውን ተወ። ዘበኛውን «አንተ እዚህ ቅር፤ ዳኛ ዱላ አስከትሎ አይሄድም» አለው። ይህንን ከትምህርት ቤት እንዳላመጣው ግልጽ ነው። ኮቱን ወደ ላይ ሰብስቦ በጭቃው ውስጥ ከይታየሽ ጎን ለጎን ተራመደ።

ጥቂት እንደሄዱ፣ «ልጅ ሳለሁ አንድ ደሃ ከባለጸጋ ሎሌ ጋር ተቋጥሮ ክረምቱን ሙሉ ሲንከራተት አይቻለሁ» አላት። «ዳኛው ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰው። እንደተቋጠረ ሞተ። እነሱንም ያስፈታኋቸው ስለዚህ ነው።»

«እውነትዎን ነው። ክፉ ነገር አለበት። ግን ያንን ሲፈቱብን በምትኩ ምን ቋጠሩልን?»

ወርቅአገኘሁ እርምጃውን አፈጠነ።

የቀረውን መንገድ ይታየሽ በጆሮዋ ነው የሄደችው ቢባል ይቀላል። እግሯ ምን እንደረገጠ አላወቀችም፤ ጆሮዋ ጥይት ይጠብቃል። በር ሲላተም ትደነግጣለች፣ እንጨት ሲፈለጥ ትደነግጣለች። ከእማማ ወለተ ሰንበት አጥር ሲደርሱ ጸጥታ ብቻ ጠበቃቸው፤ ዝምታው ደግሞ ከጥይቱ ባሰባት። እሷ ከአጥሩ ውጭ ቀረች። ወርቅአገኘሁ ብቻውን ገባ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ተሰማ።

«ነይ ግቢ። ሁለቱም አሉ።»

አሉ። ሁለቱም አሉ። ከደጃፉ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሸማቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል። ቋጠሮው እንደ ቄሱ ቋጠሮ ያማረ አልነበረም፤ ባላዋቂ እጅ የተጎነጎነ ጥምዝምዝ ነገር ነው። እማማ ወለተ ሰንበት ምንሽሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከፊት ለፊታቸው ተቀምጠው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ይራገማሉ። እንግዳ ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ይሄ የወንድሜ ልጅ መጥቶ ‹ተፈታን› አለኝ። እሰይ ብዬ ጠመንጃውን ሰጠሁት። የተቋጠረ ሰው ታርቆ ነው የሚፈታ፤ ሳይታረቅ ይፈታል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር? ለጥቂት ደም አፍሳሽ ሊያደርጉኝ። በስተርጅና!»

ይታየሽ ወንድሟን አየችው። «ወንድምዓለም፣ ምን አደረግህ?»

ምንዋጋው ነገር አዋቂ ነው፤ በሸንጎ ሲናገር ሰው ከሩቅ ይመጣል። አሁን ግን ቃል እያማጠ ነው ያወጣው። «ከመንገዱ ዳር ካለው ቋጥኝ ኋላ አደፈጥኩ። ብቻውን ሲመጣ አየሁት። አነጣጠርኩ። ያን ጊዜ ቋጠሮው ሲጎትተኝ የኖረበት ትከሻዬ ቀለለኝ፤ የሚይዘኝ ምንም የለም። እጄን ፈራሁት፣ እታለም። የገዛ እጄን አላመንኩትም። ጠመንጃውን መሬት ጥዬ ወረድኩና ‹ና ቋጥረኝ› አልኩት።»

«አንተስ?» አለች ወደ ባሏ ዞራ።

«ሄጄ ቋጠርኩት፤ ጠመንጃውን አንሥተን ወደዚህ መጣን» አለ ደጅይጥኑ። አቀርቅሮ ነበር። ከወገቡ አዲስ ካራ መዝዞ መደቡ ላይ አስቀመጠ። «ጨው ልገዛ ገብቼ ይህን ገዝቼ ወጣሁ። ባይጠራኝ እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

ይታየሽ ሁለቱንም በጡጫ ጀርባ ጀርባቸውን መታቻቸው። ባሏን መታች፣ ወንድሟን መታች፣ መልሳ ባሏን መታች። ሁለቱም እንደ ጥፋተኛ ልጅ ተሸማቀው ተቀበሉ። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሳትጨርስ ሳቀች። ልቧ ውስጥ የተቀመጠው ቋጥኝ ተንከባሎ የወረደላት ያን ጊዜ ነው። ተመስገን፣ ተመስገን አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

እማማ ወለተ ሰንበት ለእንግዳው ጠላ ሊቀዱ ተነሡ። ወርቅአገኘሁ «ከፍርድ በፊት አልቀምስም» አለና ባርኔጣውን አውልቆ ከቤቱ ቋሚ ስር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኽምጣኛ፣ በልጅነት ቋንቋው፣ «ንገሩኝ» አላቸው። ቢሮው ውስጥ በዚህ ቋንቋ አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። ምንዋጋው ደንግጦ ቀና አለ። ደጅይጥኑም ቀና አለ።

ረጅም ክርክር የጠበቀ ሰው ያፍራል። ምንዋጋው አፉን ሳይከፍት ደጅይጥኑ ቀደመው።

«ቦራ ታሞ ነበር። የዚያን ለት ማለዳ ድርቆሹን አልቀመሰም፤ አይቻለሁ። የዋግ ዝናብ ዘግይቶ መጥቶ ቸኩሎ ይሄዳል፤ ዛሬን ብቻ ይቻለኝ ብዬ ጠመድኩት። ሲሞት አፈርኩ። ያፈረ ሰው ይሳደባል፤ ተሳደብኩ። አጥፍቻለሁ።»

ምንዋጋው ወደ ዋርሳው ዞረ። «ይህንን ያኔ ብትለኝ ኖሮ እኮ...» አለና አልጨረሰውም። ቆይቶ «እኔም ቆዳውን በሰው ደጅ መዘርጋቴ ነውር ነው። ጠመንጃ ማንሣቴ ከነውርም በላይ ነው» አለ።

ወርቅአገኘሁ ፈረደ። የቀረው በሬ ለዚህ ክረምት ከምንዋጋው በረት ይደር፤ ሽማግሌዎች ጥማድ የሚሆነው ሌላ በሬ በውሰት ያፈላልጉ፤ መጀመሪያ የምንዋጋው ማሳ ይታረስ፤ እርፉን ደጅይጥኑ በገዛ እጁ ይያዝ። ምንሽሩ እስከ መስቀል በቄስ ገብረ ሊባኖስ እጅ ይቀመጥ፤ ካራው ለእማማ ወለተ ሰንበት ሽንኩርት መክተፊያ ይሁን። «ፍርዱን ትቀበላላችሁ?» አለ። ተቀበልን አሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ተቋጥሮ መሳሳም እንዴት እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ ለመፍታት ተነሣ። ዘበኛ የለም፤ በገዛ እጁ ነው። ቋጠሮው መንገድ ላይ በጣለው ካፊያ ርሶ ጠብቋል። በጥፍሩ ታገለው፣ እምቢ አለው። ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ያዘው። የመንግሥት ሹም ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ በሁለት ገበሬ መሀል ተደፍቶ፣ ቋጠሮ በጥርሱ ሲጎትት አስቡት። መጀመሪያ የሳቁት እማማ ወለተ ሰንበት ናቸው። ቀጥሎ ምንዋጋው ሳቀ፣ ደጅይጥኑ ሳቀ፤ በመጨረሻ ሹሙም ጥርሱ ሸማው ላይ እንዳለ ሳቀ። ሲፈታ ሁሉም እፎይ አሉ። ጠላውንም ያኔ ጠጣ።

ወርቅአገኘሁ ከዚያ በኋላም ቁራኛን አልወደደም፤ ተቋጥሮ የመጣን ሰው መፍታቱንም አልተወም። ሳይሰማ ግን አልፈታም። ክረምት ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢዘጋ፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይቀመጥ ነበር። ዳኛ ቶሎ እንደሚሰማ ሲያውቅ ሰዉም መቋጠሩን እየተወ ሄደ።

ሦስቱ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዳገቱን እንደጨረሱ ከአንድ ወይራ ስር ሊያርፉ ተቀመጡ። ምንዋጋው «እርፉን ሳብ አድርገህ ያዝ፤ የኔ ማሳ እንዳንተ ማሳ ልል አይደለም» አለ። ደጅይጥኑ «ማረስ ልታስተምረኝ ነው?» አለ። «ማን ያስተምርህ ታዲያ?» «አንተማ የምታርሰው በምላስህ ነው።» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ትልሙ ከላይ ይጀመር፣ ከታች ይጀመር እያሉ ተያያዙት። በፊት ቢሆን ይታየሽ መሀል ገብታ «ተዉ» ትል ነበር። አሁን ስንቋን ተንተራሰች። ይጨቃጨቁ አለች በልቧ፤ እስኪመሽ ይጨቃጨቁ። ባሏ ሲጮህ፣ ወንድሟ ሲመልስ እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት።